«ልጅ ናት» ያልኩበት በጋ

ጥር 6

አማካሪዬ ዶክተር ስጦታው ዛሬ ደወሉልኝ። ርእሴን ተቀብለውታል። «እስከ መጋቢት ሠላሳ ረቂቁን ካላየሁ ግን ለከርሞ ነው» አሉ። የሁለተኛ ዲግሪዬን የክረምት ኮርሶች ጨርሼ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩት በዚህች በአንዲት ወረቀት ነው። አሁን ካልጨረስኩ መቼም አልጨርስም።

ርእሱ «ልጅ» የሚለው ቃል ነው፤ እንዴት እንዴት እያለ ሴት ብቻ እንደሚሆን። ልጅ ከመወለድ የወጣ ቃል ነው፤ የተወለደ ሁሉ ልጅ ነው፣ ወንድ ሴት አይልም። ግን «እገሌ ልጅ ያዘ» ሲሉን ማናችንም ወንድ አይመስለንም። «ልጅ ጠለፉ» ቢሉን «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጃገረድ በሚለው ውስጥ ልጅ አለ፤ ጎረምሳ በሚለው ውስጥ የለም። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ይስቃሉ። እኔን ግን ስንት ዓመት ሲከነክነኝ ኖሯል።

ልጄ ፍሬ ታስላለች። ስርጉት ጀርባዋን እያሸችላት ነው። ባለቤቴ ይስማው እስከ ቅዳሜ አምበር ነው፤ ሥራው እዚያ ነው፣ ቅዳሜ ገብቶ ሰኞ በጠዋት ይሄዳል። የአራት ዓመት ልጅ፣ ሠላሳ ክፍለ ጊዜ፣ ከዚህ ላይ ደግሞ ጥናት። ስርጉት ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?

ስርጉት የወንድሜ የቀለሙ ልጅ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል። ሞጣ አጠገብ ካለው አገራችን አምጥቻት ቢቸና ከገባች ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት። ቀለሙ እኔ እንድማር ብሎ ከአምስተኛ ክፍል አቋርጦ ሞፈር የጨበጠ ሰው ነው። ልጁን ሲሰጠኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አንቺን እንዳደረግሁሽ አድርጊያት።» ይህን አልረሳም።

ጥር 9

የፍሬ ትኩሳት ጨመረ። እስከ ዘጠኝ ተኩል ክፍል አለብኝ፣ ማስፈቀድ አልቻልኩም። ስርጉትን «ዛሬን ብቻ ቅሪልኝ» አልኳት። ቀረች።

ጥር 10

ዛሬም። ከሰዓት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርስ ብሩክታይት ናት ያየቻት፤ ከደቡብ መጥታ እዚህ ሦስት ዓመት የሠራች፣ ፍሬን ከክትባቷ ጀምሮ የምታውቃት ሴት። መድኃኒቱን ጽፋ ስትጨርስ ወደ ስርጉት ዞረች። «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«አለ» አለች ስርጉት።

ብሩክታይት እኔን አየችኝ። በዚህ ወር መጨረሻ ወደ ሞጣ መዛወሯን ነገረችን። ደግ ሠራተኛ ነበረች፤ ቅር አለኝ።

ጥር 14

ከአገር ቤት ተመለስኩ። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ፍሬ ገና ስላልዳነች ስርጉትን ከእሷ ጋር ትቻት ሄድኩ። ይስማው ነበረ፤ ግን እሱ ብቻውን አይችልም።

ለጥናቴ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። አንዱ ባላገር ሌላውን «ልጅ ስንት አሉህ?» ሲለው ሰማሁ። «ሦስት ልጅ፣ ሁለት ሴት» አለ። ስለዚህ ሲቆጠር ልጅ ወንድ ነው። በዚያው ዳስ ውስጥ ደግሞ አንዲት እናት «እኔ ልጄን ሰጥቼ ባዶ ቤት ቀረሁ» እያለች ታለቅስ ነበር፤ አራት ወንዶች ልጆቿ ከኋላዋ ቆመዋል። ስለዚህ ሲሰጥ ልጅ ሴት ናት። በስልኬ ጀርባ ላይ፣ በእጄ መዳፍ ላይ፣ በደረሰኝ ላይ ጻፍኩ።

የቀለሙ ሚስት ውቢት ገና ከሚኒባስ ስወርድ ከኋላዬ ታይ ነበር። «ብቻሽን?» አለች። ስለ ፍሬ ነገርኳት። «ይሁን፣ የታመመ ሕፃን አይጣልም» ብላ ገባች። ለስርጉት ያሰፋችውን ቀሚስ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ልኩን ከጎረቤት ልጅ ገምታ ነው ያሰፋችው። ቀስ ብላ ደግሞ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ለስርጉት ሽማግሌ መጥቶ ነበር። ቀለሙ «ተማሪ ናት» ብሎ መልሷቸዋል። «ይሄ ቃል ባይኖረን ምን እንል ነበር?» አለች ውቢት።

ማታ ቀለሙ ጠየቀኝ። «ትምህርቷስ እንዴት ነው?»

«ጎበዝ ናት» አልኩት።

ጎበዝ ናት። ያለፈው ዓመት ከሃምሳ ስድስት ሰባተኛ ወጥታለች። የዘንድሮውን መንፈቅ ውጤት ገና አላየሁትም።

ቀሚሱን ዛሬ ለካችው። ከጉልበቷ በላይ ቀረ። በሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ መርዘሟን እኔም ያየሁት ዛሬ ነው። «ደርቤ እለብሰዋለሁ» ብላ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

ጥር 17

በዕረፍት ሰዓት ከሙሄ ጋር ተጫወትን። ሙሄ የወሎ ሰው ነው፣ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ቃል ይወዳል። በእንግሊዝኛ «ገርል» ማለት ድሮ ልጅ ማለት እንደነበረ ነገረኝ፤ ወንዱም ሴቷም። ቀስ በቀስ ወንዱ ከቃሉ ወጥቶ ሴቷ ብቻዋን ቀረች። «ሜድ»ም እንደዚሁ፣ ልጃገረድ ማለት ነበረ፤ ዛሬ የቤት ሠራተኛ ነው። «በልጅነቴ ቁርኣን ያስቀሩን ሼህም ‹ጃሪያ›ን ሲፈቱልን አንዴ ልጃገረድ አንዴ ገረድ ይሉን ነበር» አለ።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «የእኛም ያው ነው!» አልኩት። «ልጃገረድ ከሚለው ላይ ልጅን ብታነሣ የሚቀርልህ ገረድ ናት።»

«ማነው የሚያነሣው?» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ሳልጠይቀው የሒሳብ መምህርቷ ገባች። «የትናየት፣ እባክሽ ልጅ ፈልጊልኝ፣ የእኔዋ ጠፋች» አለችኝ። እኔና ሙሄ ተያይተን ሳቅን። በደንብ የሳቅኩት ግን እኔ ነኝ መሰለኝ።

ጥር 24

ዛሬ ጥሩ ሐሳብ መጣልኝ። እኔ ሁሉም ቦታ መገኘት አልችልም፤ ስርጉት ግን ገበያ ትሄዳለች፣ ዳቦ ቤት ትሰለፋለች፣ ወፍጮ ቤት ትቀመጣለች። አንድ ደብተር ሰጠኋት። «ሰው ‹ልጅ› ብሎ ሴት ማለቱ ከሆነ ያለውን እንዳለ ጻፊ፤ ማን እንዳለው፣ ለማን እንዳለው። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

ፊቷ በራ። «እንደ እርስዎ ላጠና ነው?» አለችኝ። ደብተሩን በጋዜጣ ለብጣ፣ በላዩ ላይ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ ሳያት አንጀቴን በላችው።

የካቲት 2

የፍሬ መዋዕለ ሕፃናት ከዛሬ ጀምሮ በስድስት ሰዓት ይለቃል። የእኔ ክፍል የሚያልቀው ዘጠኝ ተኩል ነው። ስርጉት ደግሞ ዘንድሮ የከሰዓት ፈረቃ ናት። ፍሬን አምጥታ፣ አብልታ፣ እኔ እስክደርስ ትቆያለች። ለሁለት ሳምንት ብቻ፤ ሌላ መላ እስካገኝ።

«ለሁለት ሳምንት ብቻ» አልኳት።

«እሺ እትዬ» አለችኝ።

የካቲት 4

ምዕራፍ ሁለት። ስድስት ገጽ። ስርጉት ከትምህርት ቤቷ የተላከ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ነገ አየዋለሁ።

የካቲት 6

የስርጉትን ደብተር ተቀብዬ አነበብኩ። አሥራ አንድ ገጽ ሞልታለች። ጽሑፏ ንጹሕ ነው፣ እንደነገርኳት ሳትጨምር ሳትቀንስ። ጥቂቱን ልገልብጥ፦

«ሴት ልጅ ናት፣ ምን ትማራለች። ዳቦ ቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ለባለ ዳቦ ቤቱ።»

«ልጅ፣ ውሃ አምጪልኝ። እትዬ የትናየት፣ ለእኔ።»

«ልጅ ስላለችኝ አልቸገርም። እትዬ የትናየት፣ በስልክ።»

«ልጅቷ ትይዛታለች። እትዬ የትናየት፣ ለጋሼ ይስማው።»

«ልጅቷ ታጥበዋለች። እትዬ የትናየት፣ ለጎረቤት አስናቀች።»

«ልጄ መጣችልኝ! እትዬ የትናየት፣ ለፍሬ።»

በመጨረሻው አጠገብ በደቃቃ ፊደል «ይህስ ይገባል ወይ?» ብላ ጠይቃለች። አይገባም ብዬ ሰረዝኩት። ፍሬ በእርግጥ ልጄ ስለሆነች ትርጉሙ አልተለወጠም።

ለመረጃ ይህን የመሰለ አይገኝም። ከግማሽ በላይ የእኔ ንግግር መሆኑ ትንሽ ያስቸግራል። ተናጋሪዋን «መምህርት፣ 38 ዓመት» ብዬ መዘገብኳት።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ስርጉት ስትመጣ «አክስቴ» ነበር የምትለኝ። «እትዬ» መቼ እንደጀመረች አላስታውስም። ቃል ሲለወጥ ቀን ከሌት የማሳድድ ሰው፣ ይህ በቤቴ ውስጥ ሲለወጥ አልሰማሁትም።

የካቲት 11፣ ቅበላ

ዶክተር ስጦታው ወደ ደብረ ወርቅ ሲያልፉ ለምሳ እኛ ቤት ገቡ። ከዋዜማው ጀምሮ ሁለታችንም ስንሠራ ነው የዋልን፣ እኔና ስርጉት። ዶሮውን እሷ ናት የሠራችው።

ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር። ግን ከምሳ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም፤ ከጻፍኩት ምናልባት ይለቀኛል።

ስርጉት ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። ሽርጧ ሽንኩርትና በርበሬ ነክቶታል፣ እግሯ ባዶ ነበር። ዶክተር እጃቸውን እየታጠቡ ቀና ብለው አይዋት። «ይቺስ ልጅሽ ናት?» አሉኝ።

«አይ» አልኩ። «የምታግዘኝ ልጅ ናት።»

የወንድሜ ልጅ ናት ማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ግን እንዲያ ብል «ታዲያ ለምን ከእኛ ጋር አትቀመጥም?» ይመጣል። እግሯም ይታያል። ሽርጧም።

ዶክተር እጃቸውን እንዳረጠቡ ሳቁ። «ይኸውልሽ ማስረጃሽ! ልጄ አይደለችም፣ ልጅ ናት! በአንድ ትንፋሽ ሁለት ትርጉም! ይህንን ሳታስገቢ እንዳታልፊ።» ከዚያም ለይስማው አብራሩለት፤ ልጅ እንዴት ሴት እንደሚሆን፣ ሴቷ እንዴት ሠራተኛ እንደምትሆን። ይስማው አንገቱን ደፍቶ «አዎ፣ አዎ» ይላል። አንድ ጊዜ እኔን አየኝና ዓይኑን መለሰ።

ስርጉት ንግግሩ እስኪያልቅ ውሃውን ማፍሰሷን አላቋረጠችም። አንዲት ጠብታ ምንጣፉ ላይ አልወደቀችም።

የካቲት 14

ጾም ገባ። ስርጉት ደብተሩን መለሰችልኝ። «ጨረስኩ» አለች። ብዙ ባዶ ገጽ አለው። «ገና ነው እኮ» ስላት «ሌላ አልሰማሁም እትዬ» አለችኝ።

ይስማው ዛሬ በስልክ «የዚያን ዕለቱን ነገር አነጋግረሻታል?» ብሎ ጠየቀኝ። የትኛውን አልኩት። «ተዪው» አለኝ።

የካቲት 20

ከትምህርት ቤት ስወጣ የስርጉት የክፍል ኃላፊ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ወጣት መምህር ነው፣ አክብሮ ነው ያናገረኝ።

«መምህርት፣ ስርጉት ታመመች እንዴ?»

«ደህና ናት።»

«ከጥር መጨረሻ ጀምሮ የመጣችው አምስት ቀን ነው። ለክልሉ ፈተና ቅጽ ስናስሞላ አልነበረችም። ለእርስዎ ደብዳቤ ልኬ ነበር።»

«አልደረሰኝም» አልኩት።

ደርሶኛል። የካቲት አራት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ ከምዕራፍ ሁለት ሥር አወጣሁት። «አሳዳጊዋ በሦስት ቀን ውስጥ ቀርበው ካልፈረሙ ለፈተናው አትመዘገብም» ይላል። ሁለት መስመር ነው። ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

«ለሁለት ሳምንት» ያልኩት ሁለት ሳምንት መቼ አለቀ?

የካቲት 22

ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ስም ዝርዝሩ ወደ ዞን ተልኳል። ያስተማርኩት ልጅ ነው እዚያ የሚሠራው፤ ወንበር ለቆልኝ ቆሞ ነው ያናገረኝ። «ቲቸር፣ ሲስተሙ ተዘግቷል። ቢቻል ለእርስዎ ባደረግሁት።»

ማታ ለስርጉት ነገርኳት። «ለከርሞ ትፈተኛለሽ። አንድ ዓመት ምንም አይደለም፤ ገና ልጅ ነሽ።»

የእኔን ፊት ስታይ ቆየች። ምን እንደምትፈልግ አላውቅም። «እሺ እትዬ» አለች።

ይቅርታ ልላት ነበር። ፍሬ ተነሣች።

የካቲት 28

ስርጉት ሄዳለች።

በሰባት ሰዓት ስልክ ተደወለልኝ፣ ጎረቤቴ አስናቀች ናት። ስርጉት ፍሬን ከትምህርት ቤት አምጥታ፣ አብልታ፣ «እትዬ እስኪመጡ ይያዙልኝ» ብላት ሄደች። ቁልፉን ለአስናቀች ሰጥታለች። ቤቱ ተጠርጓል። የፍሬ የነገ ልብስ ወንበር ላይ ተጣጥፏል። የራሷን ልብስ ወስዳለች፣ ያቺን አጭር ቀሚስም።

ወረቀት የለም። ሁሉንም ቦታ ፈለግሁ።

የካቲት 30

ለቀለሙ አልደወልኩም። ወደ አገር ቤት ሄዳ ከሆነ ይደውላል። ሄዳ ካልሆነ ምን እለዋለሁ?

ፖሊስ ጣቢያ በር ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። «ማን ጠፋችብሽ?» ቢሉኝ «ልጅ» ልላቸው ነው? «ልጅ ጠፋችብኝ» ብል ሠራተኛ ኮበለለችብኝ ያልኩ ይመስላቸዋል። ይህን ማሰቤ ራሱ አስጠላኝ። ስም አላት፣ ስሟን ማለት እችል ነበር።

ጠዋት አስናቀችን ያልኳትን ደግሞ ልጻፈው። «እስከዚያው ልጅ ፈልጊልኝ።»

መጋቢት 3

ቀለሙ ደወለ። ስልኩን አየሁት፣ ጠራ፣ አነሣሁት።

«የትኔ፣ ደህና ናችሁ? ሕፃኗ ዳነች?»

«ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስርጉትን አገናኚኝ እስቲ። እናቷ ድምፅዋን ልስማ ብላለች።»

«ትምህርት ቤት ናት» አልኩት።

«ደግ። ደግ። ትምህርቷን አታስፈቱልኝ።»

ከዚህ በኋላ ክፍል ገብቼ አርባ ደቂቃ አስተማርኩ። ስለ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

መጋቢት 5

ሙሄ ነው የረዳኝ። ሳልነግረው አወቀ። ወደ ሞጣ ከሚመላለሱት ሚኒባሶች ሾፌሮች ዘንድ አብሮኝ ሄደ። ሦስተኛው አስታወሳት። «ጤና ጣቢያውን ጠይቃኝ አሳይቻታለሁ» አለ።

ጤና ጣቢያ። ብሩክታይት!

ተመስገን አልኩ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሙሄ ጃንጥላውን ዘረጋልኝ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ሰው እንዳያየኝ።

መጋቢት 8፣ ሞጣ

የብሩክታይትን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። በሩን የከፈተችው ስርጉት ናት። ጫማ አድርጋለች። ከኋላዋ ብሩክታይት መጣች። እኔን ታውቀኛለች፤ ግን ስርጉትን ነው የጠየቀቻት። «ይቺ ሴት ምንሽ ናት? ዘመድሽ ናት ወይስ አሠሪሽ? ባለፈው አልነገርሽኝም።»

ስርጉት «አክስቴ ናቸው» አለች።

እንድንጫወት ብላ ብሩክታይት ትታን ወጣች። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ለምን ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርዎ እሺ ይሉኝ ነበር?»

ዓይኔን ወደ ጫማዋ መለስኩ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቤት እሠራለሁ። ደመወዝ አለኝ። ማታ ማታ ትምህርት እጀምራለሁ፣ ነርሷ አነጋግራልኛለች። ስምንተኛን ከርሞ እፈተናለሁ።»

«ያው ሥራ ከሆነ ቤትሽ አልነበረም? እኔ ዘንድ ዘመድሽ ጋ…»

«እዚህ ምን እንደሆንኩ አውቃለሁ» አለችኝ።

በክፋት አልነበረም። ክፋት ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ጉልበቷ ላይ የተቀመጠውን እጇን አየሁ፤ በሳሙና የተላጠ ነው፣ የእኔ ቤት ሳሙና ነው።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። የካቲት ላይ ያልወጣኝ ቃል አሁን ወጣ፤ ግን ቃሉ ዘግይቷል፣ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ይቅር» አለች። «ግን አልመለስም። አባቴ አያውቅም አይደል?»

«አያውቅም።»

«እርስዎ ይንገሩት። እኔ ብነግረው እርስዎን ይጠላል። ዝም ብንል ደግሞ ተማሪ ናት እያለ ይቆያል፣ ከሰው ሲሰማ ይዋረዳል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ።»

ሁሉንም አስባዋለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

መጋቢት 10፣ ከአገር ቤት መልስ

ትናንት ስደርስ ቀለሙ በረቱን ሲያጥር ነበር። አጠገቡ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ የቀረችባቸውን ቀናት፣ ደብዳቤውን፣ ቅጹን፣ የሄደችበትን። ስለ ቅበላው ምሳም ነገርኩት። ያንን መንገር አልነበረብኝም፤ ማንም አይነግረውም ነበር። ግን ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ።

አልጮኸም። ይጮኻል ብዬ ነበር፣ እንዲያውም እየጠበቅሁት ነበር። እንጨቱን አስቀምጦ እጁን ጠረገ።

«ያን ቀን ስደውል ትምህርት ቤት ናት አልሽኝ» አለ።

«አዎ።»

«ለውቢት ነገርኳት። ደስ አላት። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።»

ሌላ አላለም። በዚያው ቀን ከሰዓት በእግሩ ሞጣ ሄደ፣ ልጁን አይቶ በማግስቱ ተመለሰ። «ደህና ናት። እዚያው ትሁን» አለ ለውቢት። ለእኔ አይደለም። ውቢት ግን ስሄድ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ፤ መሸኘቷ ከዝምታው የበለጠ ከበደኝ።

መጋቢት 29

ዶክተር ስጦታው ደወሉ። «ያንን የቤትሽን ምሳሌ አስገባሽው?»

«ዶክተር፣ ያቺ ልጅ የወንድሜ ልጅ ናት።»

«ታዲያ ለምን…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ቆይተው «ለጥናቱ ለውጥ የለውም» አሉ።

ረቂቁን ላክሁት። ባልልከው የተሻልኩ ሰው የምሆን መስሎኝ ሦስት ቀን ይዤው ቆየሁ። አልሆንኩም። «መምህርት፣ 38 ዓመት» ያልኩበትን ሁሉ ግን ሰርዤ «አጥኚዋ ራሷ» ብዬ ጻፍኩ። «ይህስ ይገባል ወይ?» የሚለውንም የስርጉትን ጥያቄ በግርጌ ማስታወሻ አስገባሁት። መልሱን አልጻፍኩም።

ሚያዝያ 14፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ቀለሙ ራሱ ነው የጠራኝ። «ሽማግሌዎቹ ዳግማይ ትንሣኤ ይመጣሉ። ብትኖሪ» ብሎ ዘጋው። ከመጋቢት በኋላ ያናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

ሦስት ሆነው መጡ። እኔና ውቢት ጓዳ ሆነን እንሰማ ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ ጀመሩ። «ባለፈው ተማሪ ናት ብለኸን ከበርህ ተመለስን፣ ቅር አላለንም። አሁን ትምህርቱን እንደተወች ሰማን። እንግዲህ ልጅህን ለልጃችን።»

ውቢት እጄን ያዘች፤ ይዛኝ እንደሆነ ያወቀችም አይመስለኝም።

«ልጅ ናት» አለ ቀለሙ።

«ልጅ መሆኗንማ አውቀን ነው የመጣን!» አሉ አንደኛው፣ ሦስቱም ሳቁ።

«አይ» አለ ቀለሙ። «ልጅ ናት ነው የምላችሁ። ገና ልጅ ናት። አላደገችም።»

«አሥራ አምስት ሞልቷት የለ?»

«አሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። ወንድም ቢሆን ልጅ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ጥቂት ተነጋገሩ፣ ጥቂት ተቆጡ፤ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ። አንደኛው በር ላይ ቆመው «በሚመጣው ዓመትስ?» አሉ። ቀለሙ «ያኔም ልጅ ናት» አላቸው።

እኔ ሦስት ወር ሙሉ፣ በስልሳ ሁለት ገጽ፣ ያንን ቃል ፈልጌ እንዲህ አላገኘሁትም። ወንድሜ አምስተኛ ክፍልን አልጨረሰም።

ወደ ጓዳ ገባና ፊት ለፊቴ ቆመ። ያመሰግነኛል ወይም ይቅር ይለኛል ብዬ ልቤ ተነሥቶ ነበር።

«የምመልሳቸው ሌላ ቃል አልተውሽልኝም» አለኝ።

ሚያዝያ 17

ወደ ቢቸና ከተመለስኩ በኋላ ዛሬ ለስርጉት ደወልኩላት። በብሩክታይት ስልክ ነው የምንገናኘው። ሽማግሌዎቹ መመለሳቸውን ነገርኳት፣ አባቷ ያለውን ቃል በቃል። «እንዲህ አለ?» አለች፤ እንደገና እንድደግምላት ጠየቀችኝ፣ ደገምኩላት። የማታ ትምህርቱ ተጀምሯል፤ ሒሳብ ከብዷታል፣ አማርኛ አልከበዳትም።

የምንለው አለቀ። ልዘጋው ስል «ፍሬን አሁን ማነው ከትምህርት ቤት የሚያመጣት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። ክፍለ ጊዜዬን አስቀየርኩ።»

ይህን ማድረግ ይቻል ነበር፤ የካቲት ላይም ይቻል ነበር። አንድ ማመልከቻ ነው። እሷም ይህን አሰበች መሰለኝ።

«በሰዓቱ ይድረሱላት» አለችኝ። «ሌሎቹ ልጆች ሄደው ብቻዋን ስትቀር ከበሩ ጀርባ ተደብቃ ነው የምታለቅሰው። ለሰው አትናገርም።»

ይህን አላውቅም ነበር።